«ሲስተም የለም» ያለችው አሻንጉሊት

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአራተኛ ፎቅ ነገር ለገባው ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ውሃው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣና ይደክመዋል።

ችግሬ ማማረር ነው። ድሮም አማርር ነበር፤ ግን ያስቅ ነበር። ጓደኞቼ ቡና ላይ «እሺ፣ ዛሬስ ምን ገጠመሽ?» ይሉኝ ነበር። እኔም ስለ ታክሲው ወያላ እነግራቸዋለሁ። ጠዋት አርባ ደቂቃ ተሰልፌ ስገባ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ይለጥፈኛል። መልሴን ስጠይቀው «ዝርዝር የለም፣ ከእሷ ጋር ተካፈሉ» ይለኛል። ከማላውቃት ሴት ጋር በአንድ ኖት ተጋብተን እንወርዳለን። ስለ ውሃውም እነግራቸዋለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ቧንቧው ማሳል ሲጀምር ዘልዬ ተነስቼ ባልዲና ጀሪካን እሞላለሁ። የልጆቼን ሳልና የቧንቧውን ሳል በእንቅልፍ ልቤ እለያለሁ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ስምንተኛዋን እንጀራ አስፍቼ አክንባሎውን ስከድን መብራት ይሄዳል። ስከፍተው ግማሿ እንጀራ፣ ግማሿ ሊጥ ናት። የልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ አለው። «ነገ የስፖርት ልብስ» የምትለዋ መስመር ከአርባ «አሜን» እና ከአበባ ፎቶ ሥር ተቀብራ ትቀራለች። ልጄ በዩኒፎርም ይሄዳል፤ ተወቃሿ እኔ ነኝ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በስልክ መልእክት «ማክሰኞ 3 ሰዓት» ብሎ ደረሰኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ለካ በፈረንጅ ነው፤ ከሰዓት 9 ሰዓት ማለታቸው ነው። የእድር ስብሰባ ለ4 ሰዓት ተጠርቶ 5 ከሩብ ላይ ተጀመረ። በሰዓቱ የተገኘሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ «አንቺ ጸሐፊ ብትሆኚስ?» ተባልኩ።

ይሄ ሁሉ ያስቅ ነበር እትዬ። አሁን ግን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። ጓደኞቼም ስልካቸውን ማየት ጀምረዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ «ዋናውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ሁለተኛ «ኮፒውስ?» አሉኝ። በሦስተኛው ሁለቱንም ይዤ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ «ሲስተም የለም» አለችኝ። «ሲስተም ከሌለ አንቺን ምን ብለው ነው የሚከፍሉሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ያጨበጨበም ነበር። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷን ደፍታ ኪቦርዱ ላይ አፈጠጠች። ደረጃውን ስወርድ እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ማታ ቤት ስገባ የአምስት ዓመቷ ልጄ አሻንጉሊቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወንድሟን አሰልፋዋለች። አሻንጉሊቷ በቀጭን ድምፅ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» አለችው። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ «አየሽ ያስተማርሻትን?» አለኝ። ተጣላን። «አንቺ እኮ ቤት የምትገቢው እንደ ዜና ነው፤ አንድ ጥሩ ነገር የለሽም» አለኝ።

አሁን ዝም ማለት ይሻለኛል? ወይስ አገሩን ነው የምቀይረው? ይምከሩኝ።

ትዕግሥቷ ያለቀ፣ ከሰሚት

*

እህቴ፣

ይቅርታ አድርጊልኝና «ይደክመዋል» የምትለው ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ካርድ ሞልቼ መልእክቱ ሳይመጣልኝ እየተነጫነጭኩ ነበር ደብዳቤሽን የከፈትኩት። ስለዚህ ከተራራ ላይ ሆኜ አልመክርሽም። ያው ከሰልፉ ውስጥ ነኝ።

አሻንጉሊቷን ላስቀድም፤ የጎዳችሽ እሷ ትመስለኛለች። ልጆች ያዩትን ይጫወታሉ። እኛ ባለሱቅ ስንጫወት ከጭቃው ስኳር ይበልጥ የምንወደው «የለም፣ አልቋል» ማለቱን ነበር። ሰው መመለስ ደስ ይላል፤ የቢሮ ሰዎችም ይህን ሳያውቁት የሚቀሩ አይመስለኝም። ለመሆኑ ልጅሽ ያን ስትል ፊቷ እንዴት ነበር? እየሳቀች ከነበረ ካንቺ የወረሰችው ምሬቱን ሳይሆን ቀልዱን ነው። ፊቷን አጨፍግጋ የአንቺን ድምፅ እያወጣች ከነበረ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቺ ነበርሽ ያየሻት፤ እስቲ አስታውሺ።

ዝም ማለት ይሻላል ወይ ላልሽው፣ በፍጹም። እኛ አገር ማማረር የተከበረ ሙያ ነው። አቤቱታ የምንለው ቃል ራሱ «አቤት!» ብሎ ከመጮህ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ንጉሥ ሲያልፍ ጠብቆ «አቤት!» ይል ነበር። ነገሥታቱም የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ይነገራል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አንቺ ደጃዝማችነት አልጠየቅሽም፣ አንድ ማህተም ነው የጠየቅሽው።

የእረኛው ግጥም ግን ወዴት ይወረወር እንደነበር ልብ በይ። ወደ ላይ ነበር። አጠገቡ በጉን የሚያግድ ጓደኛው ላይ አልነበረም። ያንቺም ቀልዶች ድሮ እንዲያ ነበሩ። ውሃው ደከመው፣ በኖት ተጋባን፣ በሰዓቱ በመገኘቴ ጸሐፊ ተባልኩ፤ በነዚህ ሁሉ የምትስቂው በራስሽና በነገሩ ነው። መስኮቱ ጋ ግን ቀልዱ ያረፈው አንዲት ልጅ ላይ ነው። ሰልፈኛው አጨበጨበ። እግርሽ የተንቀጠቀጠው ስለተናደድሽ ብቻ አይመስለኝም። ጭብጨባው ስላላስደሰተሽ ነው። በዚህ ደግሞ እኔ አላዘንኩብሽም። ደረጃውን እየሳቀች የምትወርድ ሴት ብትሆኚ ኖሮ እፈራልሽ ነበር።

ስለዚያች ልጅ ትንሽ ልበል። አንዲት ዘመዴ ለዓመታት መስኮት ላይ ሠርታለች። «ሲስተም የለም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ማዕከል ጋር የሚያገናኘው መስመር ተቋርጧል ማለት ነው ትለኛለች። ፊትሽ ያለው ኮምፒውተር ይበራል፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ግን የአንቺ ፋይል አይከፈትም። መቼ እንደሚመለስ ለእሷም አይነገራትም። ወጥታ እንዳትሄድ አለቃዋ ያያታል። ቁጭ እንዳትል ሰልፉ ያያታል። ዘመዴ አንዳንዴ ሥራ ያላት ለመምሰል ያንኑ ቁልፍ ደጋግማ ትጫን ነበር። አንቺ ሁለት ሰዓት ቆምሽ፤ እሷ ያን ቀን ያንኑ ሁለት ቃል ስንት ሰው ላይ እንደደገመችው አስቢው። ይህን የምልሽ ንዴትሽ ልክ አይደለም ለማለት አይደለም። ሦስት ጊዜ መመላለስ ያናድዳል። «ዋናውን ይዘሽ ነይ» ሲሉሽ «ኮፒውንም» ብሎ መጨመር አንድ ቃል ነበር። ንዴቱ ልክ ነው፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው።

ለጉዳይሽ ወደዚያው መመለስሽ አይቀርም። ያኔ ይቅርታ ጠይቂያት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ሰልፉም አያስችልሽም። «ባለፈው የጮኽኩብሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» ይበቃል። ምናልባት ላታስታውስሽ ትችላለች። ካንቺ በኋላ ሌላ ሰው ጮኾባት ይሆናል። ቢሆንም በዪ።

የመብራቱ ነገር ደግሞ የራሱ ሕመም አለው፤ እኔም ታምሜበታለሁ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደስ ያላለው ማን አለ? 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አንዳንዱ ከደሞዙ ቆርጦ ነው ያሠራው። ከዚያ ቅዳሜ ማታ እንጀራሽ ግማሽ ሊጥ ሆና ስትቀር ሰው ምን ይበል? ግድቡ ጉባ ነው፤ ምጣድሽ ሰሚት። በመሃል የከፍተኛ ኃይል መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር አለ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። ሃያ አባወራ ቅዳሜ ማታ እኩል ሲጥድ ትራንስፎርመሩም እንደ ውሃችሁ ቢደክመው አይገርምም። ይሄ ማጽናኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ረቡዕ በማለዳ ጥደሽ ሞክሪ እስቲ። ወይም ሁለታችሁ ተራ ተቀባበሉ።

«ሁለታችሁ» ስል ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው እርሳስ ይዤ ነበር፣ የድሮ መምህርነት አመል አልለቀቀኝም። የተናደድሽባቸውን ቦታዎች ቆጠርኩ። ታክሲው፣ ውሃው፣ ምጣዱ፣ የወላጆች ግሩፕ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ እድሩ፣ መስኮቱ። ሰባት ናቸው። በሰባቱም ውስጥ ብቻሽን ነሽ። ባለቤትሽ የሚገኘው በስምንተኛው ቦታ ነው፤ እሱም ሶፋው ነው።

አትቸኩዪ፣ ልፈርድበት አይደለም። የራሱ ሰልፍ ይኖረው ይሆናል፤ አልነገርሽኝም። ምናልባት ማታ ደክሞት የሚገባ፣ የሚናደድበትን ሁሉ ውጦ የሚመጣ ሰው ነው። ወንዶቻችን ምሬታቸውን በፓርኪንግና በኳስ ነው የሚያወጡት። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከእነዚህ ሰባት ጉዳዮች ውስጥ «ይሄን አንተ ያዝልኝ» ብለሽው የምታውቂው የቱን ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም።

የእኔ ግምት ይሄ ነው፤ ከተሳሳትኩ ጣይው። ባለቤትሽ መሳቅ ያቆመው ቀልድሽ ስላለቀ አይደለም። ቀልዱ ውስጥ ሌላ ነገር መስማት ስለጀመረ ነው። ሰምና ወርቅ ታውቂያለሽ። ሰሙ ውሃው፣ ወያላው፣ «አሜን» ባዩ ወላጅ ነው። ወርቁ «ለምን እኔ ብቻ?» ነው። ጓደኞችሽ ሰሙን ሰምተው ሳቁ። እሱ ወርቁ ደርሶታል፤ ግን በቅኔ ስለመጣ እንዴት እንደሚመልስ አላወቀም። ስለዚህ «ዜና ሆንሽ» ብሎ ተከላከለ። ክስ በቀልድ ተጠቅልሎ ሲመጣ የሚመለሰውም በቀልድ ተጠቅልሎ ነው፤ መጨረሻው ኩርፊያ ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ያለ ቅኔ ተናገሪ። ከሥራ እንደገባሽ አይሁን፤ ያኔ አፍሽ ላይ የታክሲው አቧራ አለ። እሑድ ቡና ስትጠጡ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ይሁን። ሰባቱን ጉዳይ ወረቀት ላይ ጻፊና ፊቱ አኑሪለት። «የምነጫነጨው አገሩን ጠልቼ ወይ አንተን ጠልቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ምረጥና ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ይሁኑ» በይው። ምርጫውን ለእሱ ተዪለት። እኔ ብሆን የሌሊቱን ውሃ እንዲመርጥ ሳላስመስል እገፋፋው ነበር። ጀሪካን ይከብዳል፤ ከዚያም በላይ እንቅልፍሽ ነው።

እንቅልፍሽን ስጠራ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተሽ ባልዲ ሞልተሽ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆሚው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምትኖሪው በግማሽ እንቅልፍ ነው። በግማሽ እንቅልፍ መላእክትም ይጮኻሉ። ቧንቧውን ለአንድ ሳምንት እንኳን ለእሱ አስረክበሽ ተኚ። ከዚያም በኋላ ቁጣው ካልበረደ፣ እግርሽ መንቀጥቀጡን ካላቆመ፣ ወይም ያለ ምክንያት ማልቀስ ከመጣ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ቀጠሮው ግን ጠዋት ይሁን ከሰዓት ደጋግመሽ ጠይቂ።

ሰዓቱን ካነሳን አይቀር፣ ያ ስህተት ያንቺ ጥፋት አይደለም። ዓመቱ 13 ወር የሆነ፣ ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር ሕዝብ ስልኩ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥርበታል። አንድ ጎረቤቴ ለሠርግ ስድስት ሰዓት ቀድማ ደርሳ ድንኳን ስታስተክል ውላለች። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅን ማንም አያፍርበት።

የወላጆች ግሩፑን ድምፅ አጥፊውና ማታ አንዴ ብቻ ክፈቺው። ወይም እሱን ለባለቤትሽ ስጪው፤ አርባ «አሜን» ውስጥ የስፖርት ልብስ ሲፈልግ ያኔ ቀልድሽ እንደገና ያስቀዋል። ስለ ታክሲው ዝርዝር ይዘሽ ከመውጣት ሌላ የምለው የለኝም። የእድሩን ጸሐፊነት በተመለከተ፣ እንዳትቀበዪ! በሰዓቱ መገኘትሽን ያወቁ ሰዎች አይለቁሽም።

መሥሪያ ቤቱ ግን ዝም ሊባል አይገባውም። ብዙ ቦታ ግድግዳው ላይ «የዜጎች ቻርተር» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አገልግሎቱ ምን ሰነድ እንደሚፈልግና ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ቀን እንደሚፈጅ ተጽፎበታል። ሰው የሚደገፍበት እንጂ የሚያነበው ስላልሆነ ሰነዱን ሁሉ ከመስኮቱ አፍ እንሰማለን። ፎቶ አንሺው። በሚቀጥለው ጊዜ ሰነድ ጎድሏል ሲሉሽ ሳትጮኺ ፎቶውን አሳዪ። ካልሆነ ቅሬታ ሰሚ ክፍል የሚባል አለ፤ በጽሑፍ ስጪና የተቀበለሽን ሰው አስፈርሚው። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑን ግን እለፊው። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከቅሬታ ሰሚውም መልስ ከጠፋ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለልሽ። ስሙን በሰማሁት ቁጥር እንባችንን ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ በተራ ቁጥር መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ይታየኛል። ግን የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚቀበል ተቋም ነው፤ ከሰልፈኛ ጭብጨባ ይሻላል።

አገሩን መቀየር ያልሽው ቀልድ መሆኑን ተስፋ አደርጋለሁ። ሄደው ያየኋቸው ሁለት ጓደኞቼ በየስልኩ የሚያማርሩት እኔ ከማማርረው ይበዛል። ልዩነቱ፣ እዚያ አብሯቸው የሚስቅ የለም።

ለጓደኞችሽም አንድ ነገር ሞክሪ። ቡና ላይ «ዛሬስ ምን ገጠመሽ?» ሲሉሽ አንድ ታሪክ ብቻ ንገሪና «እናንተስ?» በያቸው። ስልካቸውን የሚያዩት ሰልችተውሽ ላይሆን ይችላል። እነሱም ውስጣቸው አንዳንድ ጀሪካን ይኖራል፤ ተራ አጥተው ነው።

ዛሬ ማታ ደግሞ ልጅሽ መስኮቷን ስትከፍት ከወንድሟ ኋላ ተሰለፊ። ባለቤትሽም ከሶፋው ተነስቶ ካንቺ ኋላ ይቁም። ተራሽ ሲደርስ አሻንጉሊቷን «እንደምን ዋልሽ? ደክሞሻል መሰለኝ» በያት። ምን ብላ እንደምትመልስልሽ ለማወቅ ጓጉቻለሁ፤ ጻፊልኝ።

የመሥሪያ ቤቱ መስኮት ጋ ስትመለሺ ደግሞ፣ ኮፒውን ለማንኛውም ሁለት አድርጊው።